ነጩና ግራጫው ዱቄት

እስራኤል ውስጥ ቤኤር ቱቪያ ያለ አንድ የባትሪ ፋብሪካ ዛሬ ጠዋት የእህቴን የያልጋነሽን የመግቢያ ካርድ ተቀበላት።

ጥፋቷ ሁለት በርሜል ዱቄት መቀላቀሏ ነው።

ዱቄቱ ከፍሎሪን ጋር የተዋሐደ ካርቦን ነው፤ የሊትየም ባትሪ አዎንታዊ ጫፍ ይሠራበታል። ፍሎሪኑ ሲበዛ ይነጣል፣ ሲያንስ ይጠቁራል። ነጩ ለብዙ ጊዜ ለሚቆይ ባትሪ ነው፤ ግራጫው ኃይሉን ቶሎ ለሚሰጥ። አንዴ ከተቀላቀለ መልሶ አይለይም። (ስንት ዓመት ስለ ምርጫ ጽፌ ዛሬ ስለ ዱቄት ስጠይቅ ዋልሁ።)

ከገዴራ ተነሥቼ ቂርያት ማላኪ ቤቷ ስደርስ የሥራ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

«ለምን ቀላቀልሽው?» አልኋት።

«ወንድምዓለም፣ አንዱ ነጭ አንዱ ግራጫ ሲሆንብኝ ጊዜ! ቤት ጤፉ ሁለት መልክ ሲያወጣ ቀላቅለን አይደል የምናስተካክለው?»

«አለቃሽስ ምን አለ?»

«‹ያልጋ፣ ዳቦ ልትጋግሪልን ነው?› ብሎ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ለሺሙዓ ጠራኝ።»

ሺሙዓ ሠራተኛውን ከማሰናበታቸው በፊት ቃሉን የሚሰሙበት ስብሰባ ነው።

«በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ማን ይወስደኛል? ዕብራይስጤ እንኳ የፋብሪካው ብቻ ነው። ክፈቺ፣ ዝጊ፣ ‹ቤሰደር፣ እሺ›። በዚህ ነው የምከራከረው?»

አብሬያት እገባለሁ። ምን እንደምል ግን አላውቅም፤ ቀላቅላዋለችና።

ሺሙዓ ገብታችሁ ሥራችሁን ያተረፋችሁ ካላችሁ፣ ምን ብላችሁ እንደተናገራችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ። የምትቀርበው እሑድ ጠዋት ነው።