አንገቱ ወደ ላይ የቀረው ቀለም ቀቢ

ሰፈሩ ሁሉ «ቶሎቶሎ» ነው የሚለው። ቀለም ቀቢ ነው፤ የአንዱ ቤት ግድግዳ ሳይደርቅ እሱ ሌላ ሰፈር፣ ሌላ መሰላል ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። የሚበላው ቆሞ፣ የሚጸልየው እየተራመደ ነው። ሚስቱ እንደምትምለው ከሆነ «አግቢኝ» ያላትም በሚሄድ ታክሲ መስኮት ጭንቅላቱን አውጥቶ ነው። «እሺ ለማለት እንኳ ፋታ አልሰጠኝም፤ ከታክሲው ጋር እየሮጥኩ ነው እሺ ያልኩት» ትላለች።

አንድ ቀን ጠዋት የአንድ ጥርስ ሐኪም ክሊኒክ ውስጥ የእንግዳ መቀበያውን ኮርኒስ እየቀባ ነበር። ከሰዓት ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል። የቀረችው አንዲት ማዕዘን ብቻ ናት። መሰላሉን ወደ እሷ ማዛወር ጊዜ ማባከን መሰለውና፣ ባለበት ሆኖ ወደ ኋላ ተለጥጦ ሮለሩን ዘረጋ። በዚህ መሃል ስልኩ ጮኸ። በአንድ እጁ አንስቶ «መንገድ ላይ ነኝ፣ ደርሻለሁ!» እያለ ሲዋሽ፣ አንዲት የቀለም ጠብታ አፍንጫው ላይ አረፈች። አስነጠሰው።

«ቀጭ!» አለ አንገቱ።

አገጩ ኮርኒሱን እንዳመለከተ ቀረ። ወደ ታች ቢለው እምቢ፣ ወደ ጎን ቢለው እምቢ። መሰላሉን በእግር ጣቱ እየዳበሰ ወረደ፤ ያረፈው ግን የቀለም ባልዲው ውስጥ ነው። ሐኪሙ ጩኸት ሰምቶ እየሮጠ መጣና ፊቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ የቆመ ሰው ሲያይ፣ ልማድ ሆኖበት «አፍህን ክፈት» አለው።

«አንገቴ ነው ዶክተር!»

«አንገት እንኳ የኔ ክፍል አይደለም» አለና የቶሎቶሎን ስልክ ተቀብሎ ለሚስቱ ደወለላት።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከተፍ አለች። ባሏን አየችው፤ እሱ የሚያየውን ኮርኒስ አየች።

«አንተ ሰውዬ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ተቆልፎብኝ ነው! ቶሎ ወጌሻው ጋ ውሰጅኝ፣ ከሰዓት ሥራ አለኝ!»

ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ቆማ መሳቅ ቢያቅታት የቀለም ጣሳ ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ሲወጣላት እጅጌውን ይዛ እየመራች አወጣችው።

የወጌሻው ቤት ከትልቁ ጎዳና ወዲያኛው ጫፍ ነው። «ደረጃ አለ» ትለዋለች፣ «ጉድጓድ አለ፣ ምሰሶ አለ።»

«አሁንስ ምን አለ?»

«አሁን የሚስቅብህ ሰው አለ።»

ጥቂት እንደሄዱ ዝም አለ። ይህ ሰው ዝም ካለ አንድም ተኝቷል፣ አንድም ታሟል፤ ሚስቱ ደነገጠች።

«አመመህ እንዴ?»

«ይሄ ሕንፃ አናቱ ላይ አበባ እንዳለው ታውቂያለሽ?»

«የምን አበባ?»

«የኖራ ነዋ። ማን እንደሠራው እንጃ፣ እዚያ ላይ ማንም ላያይለት ቅጠል በቅጠል አድርጎ ቀርፆታል። በዚህ መንገድ ዕድሜ ልኬን ስሮጥ አንድ ቀን አላየሁትም።» ትንሽ ሄደና ደግሞ «ቁሚ!» አላት።

ከአፉ ይህ ቃል ሲወጣ ሰምታ አታውቅም። ቆመች።

ከፊታቸው ያለው ሱቅ በር አናት ላይ በትልልቅ የብረት ፊደል «ጫማ» ተብሎ ተጽፏል። የ«ማ» አንደኛው ክብ ውስጥ እርግብ ጎጆ ሠርታለች። ጫጩቶቿ አፋቸውን ከፍተው ይንጫጫሉ፤ እናትየዋ ተራ አስይዛ ታጎርሳቸዋለች። ቶሎቶሎም እንደ ጫጩቶቹ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ብርቱካን የምትሸጥ ሴት አየችውና እሷም ቀና አለች። ሰዓቱን እያየ የሚሮጥ ባለ ሱፍ አያትና ቀና አለ። ሰው ሰውን እያየ መንገዱ ሞላ።

«ምንድን ነው?»

«እኔ እንጃ፣ እሱ ነው የሚያየው።»

«ሕንፃው ሊወድቅ ነው አሉ!»

«ኧረ አውሮፕላን ነው!»

አንዲት ልጅ ፀሐይ ሁለት ሆናለች ብላ ስልኳን አወጣች። ከሱቁ በላይ ባለው ሰገነት ላይ ፀጉራቸውን በቢጎዲ ጠቅልለው አበባ የሚያጠጡ አሮጊት ወደ ታች ቢያዩ፣ መንገዱ ሁሉ አፍጥጦባቸዋል። «ምን ታፈጣላችሁ? ሰው አይታችሁ አታውቁም?» ብለው ተቆጥተው ገቡ። ወዲያው ቢጎዲውን ፈተው፣ ከንፈራቸውን ቀለም ተቀብተው ብቅ አሉ።

ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን እየነፋ ደረሰ። «ተበተኑ! መንገድ ዘጋችሁ! አንተ፣ ሳናግርህ ወደኔ እይ!»

«አልችልም ጌታዬ።»

«ትንቀኛለህ?»

«ኧረ አንገቴ ነው!»

«ታዲያ ምን እያየህ ነው?»

«እርግቧን።»

ፖሊሱ ቀና ሲል ቆቡ ከኋላው ወደቀ። «የታለች?»

«‹ማ› ውስጥ።»

«በየትኛው ክብ?»

«በቀኙ።»

«አሃ!» አለ ፖሊሱ፤ ፊሽካው ከአፉ ወጥቶ ደረቱ ላይ ተንጠለጠለ። «ሁለት ጫጩት አላት።»

«ሦስት ናቸው፣ አንዱ ከኋላ ተደብቋል» አለ ባለ ሱፉ።

«ሁለት ናቸው!»

«እኔ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፣ ሦስት ናቸው!»

ነገሩ ወደ ጠብ ሲያመራ ሚስትየዋ እጇን አጨበጨበች። «ኧረ ጎበዝ፣ አሳልፉን! ባሌ አንገቱ ተቆልፎ ነው፣ ወጌሻ ጋ እየወሰድኩት ነው!»

ጎዳናው በሳቅ ፈነዳ። ሆኖም ዐይኑን ከጎጆው ላይ ያነሳ ሰው አልነበረም። ቅር ያላቸው አሮጊቷ ብቻ ናቸው። «ታዲያ እኔን አልነበረም?» አሉ፣ በተሰበረ ድምፅ።

«እርስዎንም ነው እንጂ እማማ!» አለ ቶሎቶሎ። «ሰገነቱ ያማረው በእርስዎ ነው!»

አሮጊቷ ደስ ብሏቸው አንድ አበባ ቀጥፈው ወረወሩለት። ፊቱ ተዘርግቶ የሚጠብቅ ስለነበር አፉ ውስጥ ገባለት።

ወጌሻው ነገር የማያበዛ፣ አጭር ደንዳና ሰው ነበር። ቶሎቶሎን በርጩማ ላይ አስቀመጠው፤ አገጩን በአንድ እጅ፣ ማጅራቱን በሌላው ያዘ።

«ጎጆዋ ውስጥ ስንት ጫጩት አለ አሉኝ?» ሲል ጠየቀ። ወሬ ቀድሟቸው ደርሷል።

«ሁለት ይላሉ፣ እኔ ግን ...»

«ቀጭ!»

አንገቱ ወረደ። ፊት ለፊቱ ሚስቱ ቆማለች። ዐይኑን አሻሽቶ አያት፤ ወደ ቀኝ ዞር፣ ወደ ግራ ዞር አለ፤ አንገቱ እንደ ልብ ይታዘዛል።

«ፀጉርሽን ተቆረጥሽ እንዴ?»

«ዛሬ ነው የታየህ? ከተቆረጥኩ ወር አልፎኛል!»

ወጌሻው ነገሩ የእሱ ክፍል እንዳልሆነ ገብቶት ዘይቱን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ። ቶሎቶሎ ሊያሞግሳት ፈለገ፤ ግን ሰው አሞግሶ ስለማያውቅ፣ አፉ ላይ የመጣለት የሙያው ቃል ብቻ ነው።

«አምሮብሻል። ሁለተኛ እጅ አያስፈልግሽም።»

«ምን? ማን ናት ሁለተኛ እጅ?» ብላ ሜትሯን ከአንገቷ መዘዘች።

«ቀለም! የቀለም ማለቴ ነው! አንዴ ተቀብቶ ልክ ሲመጣ፣ ድጋሚ አያስፈልገውም እንላለን!»

«እስቲ ድገመው።»

«አያስፈልግሽም።»

«እሱን አይደለም፣ የመጀመሪያውን።»

«አምሮብሻል።»

«ቀስ ብለህ በለው።»

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ አለው።