ምሳ ሰዓት ላይ የሚደርስ እቅፍ

ፋንታዬ ሶዶ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የሰው ትከሻ፣ የሰው ወገብ ስትለካ ትውላለች። እሷን የሚነካት ግን አልነበረም። ባሏ ሲሞት የመጣው ለቀስተኛ ድንኳኑ ሲነቀል አብሮ ተነቅሏል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። ጎረቤቶቿ ደጎች ናቸው፣ አልዋሽም። ግን «ፋንታዬ ጠንካራ ሴት ናት» ብለው ደመደሙና አረፉ። ጠንካራ መባልም ቅጣት ነው እኮ።

በሰፊዎች የቴሌግራም ግሩፕ ስለ ክርና ስለ ዚፕ ሲወራ፣ አንድ ቀን ሳታስበው «ዛሬ ባለቤቴ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው» ብላ ጻፈች። ወዲያው አፈረች። ልታጠፋው ስትል በውስጥ መስመር መልእክት ገባ። የአረካዋ ሰፊ የትምወርቅ ናት፤ ከዚያ በፊት ስለ ገበር ጨርቅ እንጂ ስለ ሌላ ነገር አውርተው አያውቁም።

«ነይ እስቲ፣ ጭንቅላትሽን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጊው። ጀርባሽን ቸብ ቸብ እያደረግሁልሽ ነው። አልቅሺ፣ ማንም አያይሽም።»

ፋንታዬ በጠራራ ፀሐይ የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከዚያስ ምን ሆነች? ራባት። ከስንት ጊዜ በኋላ ምሳዋን ጥርግ አድርጋ በላች።

ከዚያ ወዲያ ምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ሁለቱ ይጻጻፉ ጀመር። አንዷ «ግንባርሽን ሳምሁሽ» ትላለች፤ ሌላዋ «እጅሽ ቀዝቅዟል፣ ወዲህ በይው ላሙቀው» ትላለች። ፋንታዬ የወላይታን የባህል ልብስ፣ ዱንጉዛ እየሰፋች ብቻዋን ፈገግ ስትል ደንበኞቿ ማየት ጀመሩ። ልጇ ቤቴልማ መቼ ትለቃት።

«እማ፣ ጽሑፍ ያቅፋል እንዴ?»

«ያልታቀፈ ምን ያውቃል» አለቻት፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ።

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲቃረብ የትምወርቅ «አረካ ነይ» ብላ ጻፈች። ፋንታዬ ደነገጠች። ሥራ በዛብኝ ብላ ሁለት ጊዜ ዋሸች። የፈራችው ሌላ ነው። በአካል ስታየኝ ብትቀዘቅዝብኝስ? ያ ትከሻ ከጠፋ ሌላ ከየት ይመጣል? ቤቴል ግን እናቷን ታውቃታለችና ሚኒባስ ውስጥ አስገብታ በሩን ዘጋችባት።

አረካ ስትወርድ የትምወርቅ ቆማ ትጠብቃታለች፤ አጠር፣ ደልደል ያለች ሴት። ተጨባበጡ። እንደ ቀበሌ ተሰብሳቢ ተጨባበጡ ብል ይሻላል። ሻይ ቤት ገቡ። ስለ መንገዱ አወሩ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ወሬው አለቀ። የትምወርቅ አንገቷን ደፍታ ብርጭቆዋን ታዞራለች። ይኸው የፈራሁት ደረሰ፣ ብላ ፋንታዬ ቦርሳዋን ይዛ ተነሣች።

የትምወርቅም ተነሣች። «እኔ እኮ» አለች፣ «ከጻፍኩልሽ ሁሉ ለሰው አድርጌው የማውቀው አንድም የለም። እናቴ እንኳ አቅፋኝ አታውቅም። በምን እንደሚጀመር አላውቅም።»

ፋንታዬ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ጣለችው። ያን ሁሉ ጊዜ ስትፈራ የኖረችው እሷ ብቻ አልነበረችም።

«በቃ፣ እኔ ልጀምረው» ብላ ተጠመጠመችባት። የትምወርቅ መጀመሪያ እንደ እንጨት ደረቀች። ቀስ በቀስ ላላች። ከዚያ ሁለቱም እያለቀሱ ይስቁ ጀመር።

አጠገባቸው ሻይ የሚጠጡ አንድ ሽማግሌ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ወደ እነሱ ዞሩ። «ልጆቼ፣ ስንት ዓመት ተለያይታችሁ ነው?» አሉ።

«ዛሬ ነው የተገናኘነው፣ አባቴ» አለች ፋንታዬ፣ ሳትለቃት።