ሳይሰጡኝ የተቀባሁት ሂና

በ1974 ዓ.ም. የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርሁ። ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርጄ የመንግሥት እርሻ ላይ እሠራለሁ። እዚያው አንዲት ልጅ ወደድሁ። አባቷ ሱዳን ኖረው የተመለሱ፣ ትንሽ ማሳ ያላቸው ሰው ናቸው። እሁድ ሽማግሌ ልልክባቸው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ግቢያቸው ላሳደሩኝ ሴትዮ፣ «ነገ ሚስት ላመጣ ነው» አልኋቸው። ጉራ ነው እንጂ ገና መች ተሰጠኝ! የሴትዮዋ ሙያ ሂና ነው፤ በሙሽሮች እጅና እግር ላይ አበባና ሐረግ ሲስሉ ይውላሉ። እጄን ገልብጠው አዩት። የሰሊጥ አገዳ ሰነጣጥቆታል።

«ይኸ እጅ ነው ወይስ የደረቀ ጭቃ? በዚህ ነው ሚስት የምትይዝ? ና ተቀመጥ።»

«ኧረ እትዬ፣ በእኛ አገር እንሶስላ የሴት ነው!»

«እዚህ ደጋ አይደለም፤ ዝም በል።»

መዳፌንና ተረከዜን በሂና ሞልተው በጨርቅ ጠቀለሉኝ። ለወንድ አበባ የለውም፣ እንዲያው ሙሉውን ይደፈናል። ለስንጥቁ መድኃኒት ነው ብዬ ተውኋቸው። ሲፈታ ቀይ ጥቁር ሆኖ ወጣ።

እሁድ ጠዋት የእርሻው ትራክተር ሾፌር መንገድ ላይ እጄን አየና፣ «ጓድ ሙሽራ! ሳትጠራን?» ብሎ ጮኸ። ምን እንደሚል አልገባኝም፤ ሰድቤው አለፍሁ።

እንደ ወጉ ጠያቂው ከሽማግሌ ጋራ አይሄድም። እኔ እልኸኛ ነኝ፣ ሄጄ አጥር ሥር ቆምሁ። አባትየው አዩኝና «እሱንም አስገቡት» አሉ። ሰላም ልላቸው ሁለት እጄን ብዘረጋ መዳፌን ይዘው ቀሩ።

«እናንተ ሽማግሌዎች፣ ለጥያቄ ነው የመጣችሁ ወይስ ለሠርግ?»

«ለጥያቄ ነው እንጂ።»

«ታዲያ ይኸ የማንን ልጅ ሊያገባ ተቀባ? እዚህ ወንድ ሂና የሚቀባው ልጅ ተሰጥቶት፣ ሠርጉ ሲደርስ ነው። እኔ አፌን ሳልከፍት ተሞሽሮ መጣ!»

«ለስንጥቅ ነው፣ አባባ» አልሁ።

«ለስንጥቅማ ቅቤ አለ።»

ልጅቱ ከጓዳ ብቅ ብላ እጄን አየች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተመለሰች። ትሳቅ ታልቅስ አላወቅሁም።

«ሂናው ሲለቅ ይምጣ» አሉ አባትየው። ተቆጡ እንዳልል ጠላ አስቀዱልን፤ ታረቁ እንዳልል ፊታቸው አልተፈታም። ሂና እጅ ላይ ስንት ሳምንት እንደሚቆይ አላውቅ። አጨዳው ካለቀ ደግሞ ወደ ደጋ ተመላሽ ነኝ።

እየበረርሁ ሄጄ ሴትዮዋን «እያወቁ ነው ያዋረዱኝ?» አልኋቸው።

«ሚስት ላመጣ ነው ያልኸኝ አንተ። ገና ጠያቂ መሆንህን በምን ልወቅ?»

እውነታቸውን ነው። በአመድ አሸሁት፣ በአሸዋ ፈተግሁት፣ በናፍታ አጠብሁት፤ ጭራሽ ደመቀ።

«ኧረ በምን ይለቃል፣ እትዬ?»

«የሚሠራ እጅ ቶሎ ይለቀዋል» አሉኝ። ምክር ይሁን ፌዝ ዛሬም አልገባኝም።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ የመንግሥትን እርሻ ትቼ፣ ማጭዴን ይዤ፣ ማንም ሳይጠራኝ ወደ አባትየው ማሳ ገባሁና ሰሊጣቸውን ማጨድ ጀመርሁ።