የጭቃ ሰዎች ያሉባት ፕላኔት

ወለቴ እሁድ ከሰዓት በኋላ እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ የአከራይዋ ሳሎን ገባችና ከልጆቹ ኋላ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ለጨዋታ አልመጣችም። የስድስት ዓመት ልጇን ማራኪን መሳቂያ ያደረገባትን የልጆች ፊልም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በገዛ ዓይኗ አይታ፣ ጥፋቱን ይዛ፣ ከዚያ ወዲያ ቴሌቪዥኑ ለግቢው ልጆች እንዳይከፈት ልትጠይቅ ነው የመጣችው። ፊልሙ ቅዳሜ ይታይና እሁድ ይደገማል። ቅዳሜ ገበያ ላይ ስለነበረች አላየችውም፤ ያየችው ያመጣውን ጣጣ ነው።

ቅዳሜ አመሻሽ ከሲቀላ ገበያ ስትመለስ የግቢው ልጆች ቧንቧው አጠገብ ተሰልፈው አገኘቻቸው። ማራኪ ግድግዳ ተደግፋ፣ እጆቿን በጎኗ አጣብቃ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆማለች። የአከራይዋ የልጅ ልጅ ኢያኤል ጣቱን አጥፎ ግንባሯን ኳ ኳ አደረገና ጆሮውን ጠጋ አድርጎ አዳመጠ። «ይቺ ተሰንጥቃለች፤ አልገዛም» አለ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። የሚቀጥለው ተራውን ይዞ መጣና እሱም አንኳኳ። ማራኪ አላለቀሰችም፣ አልሸሸችም። ተራቸው እስኪያልቅ ትጠብቃለች።

ሌላ እናት ብትሆን የልጅ ጨዋታ ነው ብላ ታልፈው ይሆናል። ወለቴ ግን ያን ማንኳኳት ታውቀዋለች። እናቷ በካምባ በኩል ደጋው ላይ ሸክላ ትሠራለች፤ ወለቴ ደግሞ ድስቱን፣ ምጣዱን፣ እንስራውን በገለባ ተጠቅጥቆ ሲወርድላት ሲቀላ ገበያ ዘርግታ ትሸጣለች። ገዢ ሁሉ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ዕቃውን በጣቱ ኳ አድርጎ ያዳምጣል። ደህናው ይጮሃል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። እሷም ከመኪና ስታወርድ አንድ በአንድ ታንኳኳለች። ዕቃ ላይ ሲሆን ነውር የለበትም። የልጇ ግንባር ላይ ሲሆን ግን ደሟ ፈላ።

«ምንድን ነው የምትጫወቱት?» አለች።

«የጭቃ ሰዎች» አለ ኢያኤል፣ ያላንዳች ሀፍረት። «ቴሌቪዥን ላይ አለ እኮ። ሰማይ ላይ የጭቃ ሰዎች ያሉባት ፕላኔት አለች። ማራኪ ከዚያ ነው የመጣችው።»

ልጅ መምታት አትወድም እንጂ ያን ቀን እጇን በልቷት ነበር። ማራኪን ክንዷን ይዛ ጎትታ ወደ ክፍላቸው አስገባቻት።

ማታ ራት ሳይቀርብ ማራኪ እጇን ታጠበች። ሳሙናውን መልሳ አነሳችና ደግማ ታጠበች። ከዚያ በጥፍሯ መሐል አፈር ትፈልግ ጀመር። «እማ» አለች ቀና ሳትል፣ «ሸክላ መሸጥ ተይው። ትምህርት ቤትም አትምጪ። እጅሽ ላይ አፈር አለ።» ይቺ ልጅ እኮ መናገር ስትጀምር በጋሞኛም በአማርኛም እኩል የምትለፈልፍ፣ ገበያ ላይ «ኑ ግዙ፣ የአያቴ ድስት ነው» እያለች ሰው የምትጠራ ነበረች። አሁን በእናቷ እጅ ታፍራለች። ዛሬ በእጇ ያፈረች ልጅ ነገ በእናቷ፣ ከነገ ወዲያ በራሷ ታፍራለች፤ ከዚያ ወዲያ የሚመልሳት የለም። ወለቴ የተቃጠለችው ለዚህ ነው።

ባሏ ወልደየሱስ ምዕራብ ዓባያ ሙዝ እርሻ ላይ ነው የሚሠራው። ደውላ ነገረችው። «ካርቱን እኮ ነው» ብሎ ሳቀ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

እንግዲህ ነገረ ሥራው ይህ ነበርና፣ እሁድ የእትዬ ልክነሽ ሳሎን ተቀምጣ የቴሌቪዥኑን መስኮት እንደ ባለ ዕዳ አፈጠጠችበት።

እትዬ ልክነሽ ደግ ሴት ናቸው፤ ወለቴም ለሰው ሁሉ እንዲህ ብላ ነው የምትናገረው። ባላቸው ከሰሜን በመንግሥት ሥራ ተዛውረው መጥተው፣ እዚሁ ጡረታ ወጥተው፣ እዚሁ አርባ ምንጭ የተቀበሩ ናቸው። ሚስትየው ግቢውን ለተከራዮች ሸንሽነው ይኖራሉ። የሸክላ ነጋዴ መሆኗን የሰማ አከራይ ሁሉ «ቤቱ ተይዟል» ሲላት እሳቸው ናቸው ያስገቧት። ልጆቹን ሰብስበው ፊልም ያሳያሉ፣ ሻይና ዳቦ ያቀርባሉ። ለማራኪማ ለብቻዋ ቀይ የፕላስቲክ ኩባያ ገዝተውላታል። ያን ቀን ወለቴ ልቧ ቅቤ ጠጥቶ፣ ጉንጫቸውን ስማ ነው ያመሰገነቻቸው። ውለታ ለመመለስም እናቷ ለራሷ ብላ ያስቀመጠችውን አንገተ ቀጭን እንስራ አምጥታ ሰጠቻቸው። እንስራው የሳሎኑ ጥግ ላይ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። የአርባ ምንጭ ሙቀት ሲበረታ ግቢው ሁሉ ቀዝቃዛ ውሃ የሚለምነው ከእሱ ነው።

ፊልሙ ጀመረ። በአማርኛ የተተረጎመ ነው። ሦስት ልጆችና አንድ ውሻ የሚበሩበት መርከብ ኅዋ ላይ በድንጋይ ተመቶ ሆዱ ይቀደዳል። ወለቴ «እናንተም ቤታችሁ ብትቀመጡ ምን አለበት» አለች በሆዷ። ልጆቹ አንዲት ቡናማ ፕላኔት ላይ ወረዱ። ከመሬት ውስጥ እንደ እንጉዳይ ብቅ ብቅ እያሉ የጭቃ ሰዎች ወጡ። ወለቴ ወገቧን አጠበቀች፤ እንግዲህ አሁን ነው። አሁን ይስቁባቸዋል፣ አሁን አፍንጫቸውን ይይዛሉ፣ አሁን ያንኳኳሉ።

አልሳቁም። ውሻው ትንሽ ጮኸ እንጂ ማንም አልተሳደበም። አንዲት ትንሽ የጭቃ ልጅ የመርከቡን ቀዳዳ አየችና ከገዛ ክንዷ ቆንጥራ ለጠፈችበት። ሌሎቹም መጥተው ከየአካላቸው እየቆነጠሩ ቀዳዳውን ደፈኑት። «በእሳት ሳይተኮስ የት ይይዛል» ብላ አጉረመረመች ወለቴ፤ ወዲያው ግን መርከቡ ለሙከራ ተነስቶ በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ ልጥፉ ግሎ ቀላ፣ ጠነከረ። ተተኮሰ እንጂ። ሳታስበው ፈገግ አለች። ተመልሰው ለመጨረሻ ከመነሳታቸው በፊት ደግሞ የመርከቡ ልጆችና የጭቃ ሰዎች አንድ ገበታ ከበው በሉ። የመርከቡ አለቃ ጎንበስ ብሎ «ያለናንተ አገራችን አንገባም ነበር» አለ።

አለቀ። ዘፈኑ መጣ። ወለቴ በርጩማዋ ላይ ቀረች። ሌሊቱን ሙሉ ያጠራቀመችው ቁጣ ማረፊያ አጣ። የምትከሰው ጠፋባት። ማንኳኳቱ የለበትም፣ ስድቡ የለበትም፣ «አልገዛም» የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም።

«ሻይ ደረሰ» አሉ እትዬ ልክነሽ ከጓዳ። ትሪው ላይ ብርጭቆዎች ተደርድረው መጡ። ኢያኤል አነሳ፣ የባለ ሱቁ የሳሊሕ ልጅ ሸይማ አነሳች፣ ሌሎቹም ተሻሙ። ማራኪ እጇን አልዘረጋችም። ማንም ሳያዛት ተነሳችና ወደ ውጭ ወጣች። ተመልሳ ስትገባ ቀዩን ኩባያ ይዛለች። ኩባያው ከብርጭቆዎቹ ጋር አያድርም ለካ፤ ማደሪያው ከመስኮቱ ውጭ፣ ደፉ ላይ ነው። እትዬ ልክነሽ የሻይ በራዳቸውን ከፍ አድርገው፣ የበራዱ አፍ ኩባያውን እንዳይነካ ከላይ ቀዱላት።

«ማራኪዬ፣ ለእናትሽም እዚያ ውጭ ያለውን ጣሳ አምጪላት» አሉ፣ በዚያው ደግ ድምፃቸው።

ወለቴ ባዶውን ጣሳ ተቀበለች። የዛን ዕለት ጉንጫቸውን ስትስም ራሳቸውን ትንሽ ወደ ኋላ ማድረጋቸው ትዝ አላት፤ ያኔ ትህትና መስሏት ነበር። ልጇ ስንት ቅዳሜ ነው እንዲህ ተነስታ የወጣችው? ልጅቱ የእናቷን ያህል ሞኝ አልነበረችም። ቀድማ ገብቷታል፣ ገብቷትም ዝም ብላ ትጠጣ ነበር።

«ኢያኤል» አለች ወለቴ፣ ቀስ ብላ። «ፊልሙ ላይ እኮ ማንም ሲያንኳኳ አላየሁም። የጭቃ ሰዎች መጥፎ ናቸው ያለህ ማን ነው?»

«አያቴ ናት» አለ ልጁ ዳቦውን እያኘከ። «በማራኪ ኩባያ አትጠጣ፣ እነሱ የጭቃ ሰዎች ናቸው፣ ይጋባብሃል ብላኛለች። ፊልሙን ሳይ ነው የገባኝ።»

እትዬ ልክነሽ ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ልጅ ነው፤ የሰማውን ይቀባጥራል» አሉ። «ወለቴ፣ እኔ ክፋት የለብኝም። ሌላው በሩን ሲዘጋብሽ ማን አስገባሽ? የሌሎቹ ልጆች እናቶች ቢያዩ ልጆቻቸውን አይልኩም። ለልጅሽ አስቤ ነው ለብቻዋ የገዛሁላት። ደግሞ አዲስ ነው፤ ማንም አልጠጣበትም።»

«እኔም አዲስነቱን አይቼ ነበር የሳምኩዎት» አለች ወለቴ። «እትዬ፣ ውሃ የሚጠጡት ከየት ነው?»

የእትዬ ልክነሽ ዓይን ወደ ጥጉ ሄደ።

«ያንን እንስራ እናቴ በእጇ ነው ያድቦለቦለችው። ውስጡን በመዳፏ ነው ያለሰለሰችው። ከሆዱ የሚወጣውን ውሃ ማለዳም ማታም ይጠጣሉ፤ አልተጋባብዎትም። አፈራችን ሳሎን ይገባል፣ ነጭ ጨርቅ ይለብሳል። ልጄ መስኮት ላይ ታድራለች።»

«አንቺ ደግሞ አታክብጂው» አሉ እትዬ ልክነሽ።

ወለቴ ጣሳውን መሬት ላይ አኖረችና ከትሪው ላይ የቀረችውን ብርጭቆ አነሳች። ከእንስራው ውሃ ቀዳችባትና ለማራኪ ዘረጋችላት። ልጅቱ አልተቀበለችም። መጀመሪያ እትዬ ልክነሽን አየች፤ ፈቃድ ነው የምትጠይቀው። ከዚያ በሹክሹክታ «እማ፣ የኔ ያኛው ነው» አለች፣ ቀዩን ኩባያ እያሳየች።

ወለቴ ከቁጣዋ ሁሉ ይህ ባሰባት። ተንበረከከችና ብርጭቆውን በልጇ ሁለት እጆች መሃል አስገባች። «ጠጪ» አለቻት። «እኔ እዚሁ ቆሜያለሁ።» ማራኪ ጠጣች፤ መጀመሪያ በጥርሷ እየነካካች፣ ኋላ ጎንጨት ጎንጨት አድርጋ እስከ መጨረሻው። ልጆቹ ቆመው ያያሉ። ብርጭቆዋን ትሪው ላይ መልሰው ተያይዘው ወጡ።

የዚያን ዕለት ማታ ወለቴ ጭንቀት ገባት። ቤቱ የእሳቸው ነው፤ ነገ ውጡ ቢሏት የት ትገባለች? ምናልባት ተናግሬ አጥፍቼ ይሆን አለች። ምናልባትም ይገባቸዋል፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ነገ ይጠሩኝና እንታረቃለን አለች። ሰው መቼም ተስፋ ማድረግ አያቅተውም።

ሰኞ ጠዋት ማራኪን ለትምህርት ቤት አልብሳ ስትወጣ የአከራይዋን መስኮት ቀና ብላ አየች። ደፉ ላይ ቀዩ ኩባያ እንደተለመደው ተደፍቷል። ከአጠገቡ ደግሞ የትናንቷ ብርጭቆ ተደፍታለች። ታጥባ፣ ጠርታ፣ ከቤት ወጥታ።

ማራኪም አየች። የእናቷን እጅ ለቀቀች።

ወለቴ ከዚያ ወዲያ አላሰበችም። በሩን አንኳኩታ ገባች፤ «እንደምን አደሩ» አለች፣ ሰላምታ አይነፈግምና። ነጩን ጨርቅ ከእንስራው ላይ አንስታ አጥፋ ሶፋው ላይ አስቀመጠች። እንስራውን አቅፋ ወጣችና ውሃውን ፓፓያው ሥር ደፋችው።

«ወዴት ነው የምትወስጂው?» አሉ እትዬ ልክነሽ በር ላይ ቆመው።

«የጭቃ ነው፣ እትዬ። እንዳይጋባብዎት» አለች ወለቴ። «ቤቱንም በወሩ መጨረሻ እለቅልዎታለሁ።»

የት እንደምትገባ አታውቅም ነበር። ነጠላዋን ጠምጥማ እንስራውን በጀርባዋ አዘለችና መንገድ ጀመረች። ቁልቁል ወደ አስፋልቱ ሲወርዱ ባጃጁ ይርመሰመሳል፤ ሰው ዞር ብሎ ያያታል፤ ማለዳ ባዶ እንስራ አዝላ የምትሮጥ ሴት ምን ሆና ነው ይላል። ማራኪ ከኋላዋ ቱስ ቱስ እያለች ትከተላለች። ትምህርት ቤቱ በር ሊደርሱ ሲሉ ወለቴ ከጀርባዋ ኳ የሚል ሰማች። ቆም አለች። ልጅቱ ጣቷን አጥፋ፣ ጆሮዋን እንስራው ሆድ ላይ ለጥፋ ታዳምጣለች። ደግማ አንኳኳች፤ እንስራው ጮኸ።

«እማ፣ አልተሰነጠቀም» አለች ማራኪ።

«ማን ሠርቶት ይሰነጠቃል?» አለች ወለቴ፣ እንደ ተቆጣች፤ እጇንም ወደ ኋላ ዘረጋችላት።