ወተት የመሰለው ውሃ

ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ነቀምቴ ዳር ባለው የፈረንጆች ግቢ ስቀጠር፣ የመዋኛ ገንዳ ውሃ ጠባቂ እሆናለሁ ብዬ አላሰብኩም። ግቢው ውስጥ የሴቶች አዳሪ ቤት ነበር። ፈረንጇ ነርስ ልጆቹን ዋና ላስተምር ብላ ተነሣች። ውሃውን የምመረምረውም፣ ቀድሜ ገብቼ ልጆቹን የምይዘውም እኔ ነኝ ተባለ። የመዋኛ ልብሱን እሷው ሰፋችልኝ፤ ጥቁር ነው፣ ጭን ላይ ያልቃል። የለበስኩበት ክፍል ግድግዳ ላይ የጃንሆይ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። እሳቸው እንኳ እንዳያዩኝ ወዲያው አወለቅኩት።

የቧንቧችን ውሃ ሳሙና አይቀበልም። ማንቆርቆሪያችን ውስጡ ኖራ የተለሰነ ይመስላል። በዚህ ውሃ ገንዳውን ሞልተን ክሎሪን ስንጨምርበት ነጣ። ልጆቹ በሩጫ መጥተው «አናን! አናን!» አሉ፤ ወተት ነው ማለታቸው ነው። ነርሷ ግን ገንዳው ወለል ላይ ያለው የፍሳሽ ክዳን ጥርት ብሎ ካልታየ ማንም ልጅ አይገባም አለች። በብልቃጥ በቀዳሁት ውሃ ላይ መመርመሪያውን ጠብ ሳደርግ ደም ይመስላል፤ ኖራውን የሚያሟሟ አሲድ ይፈልጋል ማለት ነው። አሲዱን ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨምሬ፣ ዳር ዳሩን በጥቂት በጥቂቱ አፍስሼ፣ ውሃውን በአሸዋ ማጣሪያው ማዞር ነው። ሌላ ጥበብ የለውም።

እኔ ግን አሲዱን እሰስተው ነበር። ነጩን ውሃ ወድጄዋለሁ። እስከ አንገቴ ብገባ ማን ምን ያያል? ነርሷ «ዛሬስ?» ስትለኝ፣ «ውሃው እምቢ አለ» እላታለሁ።

አንድ ጠዋት መስፈሪያ ጣሳዬ አምልጦኝ ጥልቅ ባልሆነው በኩል ሰመጠ። ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ። የገዛ እግሬ አይታየኝም። በእጄም በእግሬም ብዳብስ ጣሳው የለም። ከአዳሪዎቹ ትንሿ፣ ሁሌ ቀሚሴን ይዛ የምትከተለኝ፣ እንዲህ ብታመልጠኝስ? ወጥቼ አሲዱን በልኩ አፈሰስኩ።

በማግስቱ ጣሳው ታየ፣ ክዳኑም ታየ። ልጆቹን ልይዝ ስገባ እኔም እስከ ጥፍሬ ታየሁ።

የገበያ ቀን ነበርና ሴቶች አጥሩ ላይ ተደረደሩ።

«ኧረ ጉድ! ይቺ የማናት?»

«አስተማሪ ናት አሉ።»

«ምኑን ነው የምታስተምረው፣ ጭኑን?»

ተሳሳቁ። እናቴ መሃላቸው ነበረች፤ የኔ ናት አላለችም። ከሳቁ ይልቅ ያቃጠለኝ እሱ ነው።

ትንሽ ቆይታ በበሩ ዞራ ገባች። ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ዘረጋችና ጀርባዋን ለአጥሩ ሰጥታ ገንዳው ዳር ቆመች።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ውጪ። እሸፍንሻለሁ።»

«ሃርሜ፣ እማዬ፣ አልችልም።»

«ሰው ፊት አዋርደሽኝ ደግሞ አልችልም?»

«እጄ ተይዟል!»

ትንሿ ልጅ ሆዷን መዳፌ ላይ ጥላ እየተንፈራገጠች ነበር። ብለቃት ትሰምጣለች። እናቴ አየቻት። ተቆጥታ ትሄዳለች ስል፣ ነጠላውን እንደዘረጋች፣ ጫፉ ውሃ እየነካ ቀረች። አጥሩ ላይ ሳቁ ቆመ። የማን እንደሆንኩ አሁን ሁሉም አውቋል።

ልጅቷን ዳር አድርሼ ስወጣ ጠቀለለችኝ። ነጠላው ረጥቦ ጭኔ ላይ ተለጠፈ፤ ያው ሁሉም ነገር ይታያል። ሁለታችንም ወደ ታች ሳናይ በሴቶቹ ፊት አለፍን።