የኻሚስ ስድስተኛ ድንጋይ

ከአሶሳ እስከ ባምባሲ በመንገዱ ዳር የቆመ ጎተራ ሁሉ ወለሉ መሬት አይነካም። መጀመሪያ ድንጋይ ይተከላል፤ በድንጋዩ ላይ ርብራብ ይዘረጋል፤ የቀርከሃው ግድግዳ የሚቆመው ከዚያ በኋላ ነው። ምስጥ ከሥር ሲወጣ ድንጋዩ ላይ ይታያል፤ ሰውም ቶሎ ያራግፈዋል። በዚህ ሥራ ኻሚስን የሚያህል አልነበረም። ዳሩ ግን ከሦስት ዓመት በፊት የሠራው አንድ ቤት ስሙን አጉድፎታል። ባለቤቱ “ድንጋዩ ይቅር፣ ወለሌ መሬት ይሁን” አለ፤ ኻሚስም እሺ አለ። ክረምቱ ሳይወጣ ምስጥ ምሰሶውን በልቶ ጣሪያው ዘመመ። ባለቤቱ ገበያ መካከል ቆሞ “እኔ መቼ እንዲህ ሥራ አልኩ?” ብሎ ማለ። ኻሚስ ምስክር አልነበረውም። ቤቱን በነፃ መልሶ ቢሠራም “ኻሚስ ይሠራል፣ ምስጥ ያፈርሳል” የሚለው ቀልድ ከኋላው አልተላቀቀም።

ስለዚህ ነጋዴው ሐጂ ኦመር ትልቅ መጋዘን ሊያሠሩ ነው፣ ሥራውም በቃል ሳይሆን በወረቀት ነው የሚለው ወሬ ሲደርሰው ልቡ ዘለለ። ሐጂው፣ ኻርቱም እንደ አዲስ ስትገነባ የግንባታ ውል ሲጽፍ የቆየ ዓብዱልባሲጥ የተባለ ጸሐፊ አስመጥተዋል። ቤት ሠሪዎቹን በሙሉ ጠርተው “አምስት ቀን ተማሩ፤ መጋዘኑን የማሠራው ውሉ ለገባው ሰው ነው” አሉ።

በመጀመሪያው ቀን ጸሐፊው ከከረጢቱ አንድ ወረቀት አውጥቶ በሾላው ጥላ ሥር ዘረጋ።

“ይህ ውል የትም ቦታ አንድ ነው” አለ። “የሚለወጠው ስሙና ልኩ ብቻ ነው። የዛሬው አንቀጽ፦ ምን ይሠራል? ርዝመቱ፣ ወርዱ፣ ከፍታው።”

ኻሚስ ማንበብ አይችልም። ማታ ቤቱ ገብቶ ከምድጃው አንድ ጉልቻ አነሳና ጓሮው ውስጥ አስቀመጠ። “ይህ ‘ምን ይሠራል’ የሚለው ነው” አለ ለራሱ። በማግስቱ የማለቂያው ቀን ተነገረ፤ ሁለተኛው ጉልቻ ተነሳ። በሦስተኛው ቀን ዕንጨቱንና ሣሩን ማን ያቀርባል የሚለው መጣ፤ ሦስተኛው ጉልቻም ሄደ።

በአራተኛው ቀን ማታ ሚስቱ ኸድራ ድስቷን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። “ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ጉልቻ ሲሰረቅ ግን ወጡም የለም። ዛሬ ውልህን ብላ!”

“ኸድራ፣ እንደ ጎተራ ነው እኮ! አንዱን ድንጋይ ብትነቅይው ሁሉም ይዘማል። ያ ሰውዬ ያኔ አላልኩም ብሎ ሲክደኝ የጎደለኝ ድንጋይ ይኼውልሽ፣ አራተኛው ነው፤ አሠሪ ሐሳቡን ሲቀይር ይጻፋል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ!” ከአጥሩ ሥር ሌላ ድንጋይ አንከባሎ አመጣ።

አምስተኛው አንቀጽ ከርክክብ በኋላ ስላለው ነበር፤ አምስተኛው ድንጋይም ከአጥሩ ሥር መጣ፤ መጋዘኑ አንድ ክረምት ሙሉ በሠሪው ኃላፊነት ይቆያል፤ የተበላሸውን ሠሪው ያድሳል።

በስድስተኛው ቀን ሐጂ ኦመር ከቤት ሠሪዎቹ ጋር ወደ ቦታው ወጡና ስለ ውሉ ጠየቁ። ሁለት ሠሪዎች መልሳቸው ተምታታባቸው። ጁምዓ የተባለው አንደበተ ርቱዕ ግን አምስቱንም እንደ ውኃ አፈሰሳቸው፤ “ነገ እጀምራለሁ” ሲል ጨመረ። ኻሚስም አምስቱን ድንጋዮች በዓይነ ኅሊናው እየዞረ አንድ በአንድ ተናገረ። ከዚያ መሬቱን በእግሩ ጫር ጫር አደረገ።

“ምነው? ጨረስክ?” አሉ ሐጂው።

“አልጨረስኩም፣ ሐጂ። የጎደለ ድንጋይ አለ። ከመሬቱ በታች ያለውንስ ማን ይሸከማል?”

ጁምዓ ሳቀ። “ምስጡን ከወዲሁ ሊጠራው ነው!”

ሌሎቹም ሳቁ። ዓብዱልባሲጥ ወረቀቱን አገላበጠ። “ሠሪው መሬቱን አይቶ ፈረመ ነው የሚለው።”

“ዓይን ላዩን ነው የሚያየው፣ ኡስታዝ። ሦስት ቀን ይሰጠኝ። በአራቱ ማዕዘን ደረቅ ቀርከሃ እቀብራለሁ፤ ምስጥ ካለ ይበላዋል።”

ሐጂ ኦመር ወደ ሰማዩ አንጋጠጡ። ዝናቡ ሊገባ ሁለት ወር ቢቀረው ነው፤ ሦስት ቀን ቀላል አይደለም። “ይሁን” አሉ በመጨረሻ። “ጁምዓ፣ አንተም ከዚሁ ቆይ።”

ቀርከሃው ከተቀበረ በአራተኛው ቀን ጠዋት ሕዝቡ ገና ጎሕ ሲቀድ ተሰበሰበ። የመጀመሪያው ቀርከሃ ወጣ፤ ንጹሕ ነው። ሁለተኛውም ንጹሕ፤ ሦስተኛውም። ጁምዓ “አላህ ይስጥልን፣ ሦስት ቀን አረፍን!” አለ። ኻሚስ ወደ አራተኛው ጎንበስ አለ። ቀርከሃውን ሲጎትተው ክብደት አልነበረውም። በጣቱ ሲጫነው እንደ ወረቀት ተሰነጠቀ፤ ከውስጡ ነጫጭ ምስጥ ረገፈ።

ማንም አልሳቀም።

“መጋዘኑ ከዚህ ሠላሳ ርምጃ ወደ ዳገቱ ይዛወር” አለ ኻሚስ፣ ድምፁ እየጮኸ መሆኑን ሳያውቀው፤ “ወይም እዚሁ ከሆነ ድንጋዩ በጉልበት ቁመት ይሁን። ሐጂ ይምረጡ። የመረጡት ግን ይጻፍ፤ ቀርከሃ ተቀብሮ የታየው ይጻፍ፤ በኋላ ከመሬት ሌላ ነገር ቢወጣ ለብቻው እንነጋገርበታለን፣ እሱም ይጻፍ!”

ሐጂ ኦመር ዳገቱን መረጡ፤ ዓብዱልባሲጥም ሁሉንም ጻፈው፤ ሐጂው ፈረሙ። ኻሚስ በወረቀቱ ግርጌ አውራ ጣቱን አተመ። ዓብዱልባሲጥ ግን ብዕሩን አላስቀመጠም፤ ከኻርቱም ይዞት የመጣውን ዋናውን ቅጂ ከከረጢቱ አወጣና ከአምስተኛው አንቀጽ በታች ስለ መሬቱ የተባለውን ለራሱ ገለበጠ።

“ኡስታዝ፣ ምን እየጻፍክ ነው?” አለ ጁምዓ።

“የጎደለኝን” አለ ጸሐፊው ቀና ሳይል።

ኻሚስ ሮጦ ቤቱ ደረሰ። “ኸድራ! ተፈረመ! ድንጋዮቹ ስድስት ሆኑ!”

“ሦስቱ የኔ ናቸው” አለች ኸድራ፤ ድስቷን ግን ጥላ እልልታዋን አቀለጠችው።