ጠብታው ጾም ያስገድፋል ያልኩ ቀን

ይህን ከአንዲት ሴት በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለራሴ የንስሐ አባት እንኳ አልተናገርኩም። በየዓመቱ ፊታቸው ተንበርክኬ ቁጣዬን እናገራለሁ፣ ሰው ማማቴን እናገራለሁ፣ በቅዳሴ መሃል ሐሳቤ ከብቶቼ ጋር መዋሉን እናገራለሁ፤ ይህቺን ግን ውጬ እነሳለሁ። ካህን ከሆንኩ ብዙ ዓመቴ ነው። የስንቱን ኃጢአት ሰምቼ፣ ስንቱን «አትፈር፣ ተናገር» ያልኩ ሰው የራሴ ሲሆን ምላሴ ይተሳሰራል። ዛሬ ግን ይፈታ። ስሙኝና ፍረዱ።

እኔ የአንዲት ልጅ ዓይን አጥፍቻለሁ። በእጄ አልነካኋትም። በአፌ ነው ያጠፋሁት።

ነገሩ የሆነው ሮብ ገበያ ከተማ ገና መብራት ሳይገባ ነው። ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ ባለች ደብር አዲስ ቄስ ነበርኩ። አንጓች የምትባል ሴት የንስሐ ልጄ ነበረች፤ ባሏ ሞቶባት አንዲት ልጇን ማስተዋልን ታሳድጋለች። ማስተዋል ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ፣ ነገር የማያመልጣት ልጅ። በጋ በመጣ ቁጥር ግን ዓይኗን ያሳክካታል። ይቀላል፣ ያነባል፣ ክር የመሰለ ነጭ ነገር ይወጣዋል፤ ስታሸው ትውላለች። እናቷ ወደ እኔ አመጣቻትና ጸበል አዘዝኩ። እሱ አይጸጽተኝም፤ ደግ አድርጌያለሁ። ተጠመቀች፣ ሱባኤ ገባች። ማሳከኩ ግን አልተዋትም።

አንጓች ለእኔ ሳትነግረኝ ልጅቷን ደብረ ማርቆስ ይዛት ወረደች። የመድኃኒት ቤቱ ሰው ዓይኗን አየና «አለርጂ ነው፤ አቧራውና የአበባው ብናኝ ነው የሚያስቆጣው» ብሎ አንዲት ትንሽ የዓይን ጠብታ ሰጣት። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። አጥብቆም አስጠነቀቃት፤ ሲያሳክካት በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ ታድርግበት እንጂ በእጇ እንዳታሸው አለ። ሳምንት ሳይሞላ የልጅቷ ዓይን ጥርት አለ።

ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? አላለኝም! የውሃ መንገድ ላይ ሴቶቹ «የመምሬ ጸበል ያቃተውን ያቺ ጠብታ ቻለችው» ብለው ሲስቁ ሰው ሰምቶ ነገረኝ። አንገበገበኝ። ጸበል ከመድኃኒት ጋር ተጣልቶ አያውቅም። የተጣላሁት እኔ ነኝ።

ሁዳዴ ገባ። በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ ከካህናቱና ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆሜ ሳለሁ አንጓች ነጠላዋን አደግድጋ መጣች። ማስተዋል ከኋላዋ አለች።

«አባ፣ አንዲት ነገር ልጠይቅዎ» አለች። «ጠብታውን ዓይኗ ላይ ሳደርግላት ጉሮሮዋ ድረስ ይወርዳል፤ መረረኝ ትላለች። እሷ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልጾምኩ ብላ ነው። ጾሟን ያስገድፋት ይሆን?»

እኔም ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ያስገድፋል እንጂ! በአፍ ገባ በዓይን፣ ጉሮሮ ከወረደ ወረደ ነው። ፋሲካ እስኪደርስ ይቅርባት» አልኩ። አንድ አረጋዊ ካህን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዞሬ ሳያቸው አቀረቀሩ። አንጓች «እሺ አባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ መስቀሌን ተሳልማ ሄደች።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር እዚህ ላይ «ወጣት ነበርኩ፣ አላውቅም ነበር» ብዬ ጽፌ ነበር። ሰረዝኩት። ውሸት ነው! ለታመመ ሰው መድኃኒት እንዳልተከለከለ ገና ዲያቆን ሳልሆን ተምሬዋለሁ። ሌላው ቢቀር «የጠዋቱን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አድርጊላት» ማለት እንዴት ያቅተኛል? አላቃተኝም። አንጓች እኔን ሳትጠይቅ ማርቆስ መውረዷ ከንክኖኛል፤ ማንን መጠየቅ እንዳለባት ላሳያት ፈለግኩ። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። የእናትየዋን እልህ በልጅቷ ዓይን ተወጣሁት።

ከዚያ እሑድ እስከ ፋሲካ አርባ ዘጠኝ ቀን ነው። እናንተ ቁጠሩት፤ እኔ ቆጥሬዋለሁ። ልጅቷ ቃሌን አክብራ ጠብታውን ተወች፤ ማሳከኩ ግን እሷን አልተዋትም። አሸች። በጣቷ አንጓ፣ በእጅጌዋ፣ በነጠላዋ ጫፍ አሸች። በስቅለት ዕለት ሕዝቡ ሲሰግድ በመሃሉ ሳልፍ አየኋት፤ ቀኝ ዓይኗ ተጨፍኖ እንባው በጉንጯ ይወርዳል። አየሁ። አየሁና አለፍኩ። በዚያች ቀን እንኳ ጎንበስ ብዬ «ልጄ፣ ጠብታሽን አድርጊ» ብላት ምን ነበረበት?

ከፋሲካ በኋላ ሐኪም ዘንድ ሲያደርሷት ብሌኗ ላይ ነጭ ጠባሳ ወጥቶበታል። ከመታሸቱ ብዛት ቆስሎ፣ ቁስሉ አመርቅዞ ነው አላቸው ሐኪሙ። በዚያ ዓይኗ ዛሬም ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር አታይበትም። አንጓች ቤቴ ድረስ መጥታ «የእሱ ፈቃድ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብላ ስታለቅስ ምን አልኩ? «አሜን» አልኩ። አሜን! የእኔን ሥራ ለፈጣሪ ሰጥቼ አሜን አልኩ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። አላበቃም።

ከአሥር ዓመት በኋላ ማስተዋል አስተማሪ ሆና፣ በቁርባን ልታገባ ስትል ልትናዘዝ ወደ እኔ መጣች። ካህን በኑዛዜ የሰማውን አያወጣም። ይህን የምናገረው ራሷ ተናገር ስላለችኝ ነው፤ እሱንም እነግራችኋለሁ። ተንበርክካ እንዲህ አለች፦ በዚያ ሁዳዴ ማሳከኩ ቢብስባት ከእናቷ ተደብቃ ሁለት ጠዋት ጠብታውን አድርጋለች። ጾሟን ገድፋ ሳለ ጾመኛ ነኝ ብላለች። እግዚአብሔርም ስለዚህ ዓይኗን ወሰደባት። አሥር ዓመት ሙሉ ይህን ተሸክማ ኖራለች።

ምን ማለት ነበረብኝ? «ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።» ይኸው ነው! አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «አርባ ቀን ጹሚ፣ በየቀኑ አርባ ስግደት ስገጂ» የሚል ነው። ቀኖና ሰጠኋት! እኔ በበደልኩት እሷን አሰገድኳት። እሷም መስቀሌን ስማ፣ አመስግናኝ፣ ቀልሏት ሄደች። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል? እኔ ስም አጣሁለት።

ባለፈው የነቢያት ጾም አውድማ ላይ ስንወቃ ዋልንና ገለባው ዓይኔን ያሳክከኝ ጀመር። በዕድሜዬ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ዓይኔን አውጥቼ ብጥለው እስክል ድረስ አሳከከኝ። ሴት ልጄ ከመድኃኒት ቤት ጠብታ ገዝታ አመጣችልኝ። ጠዋት ነው፤ እህል ውሃ አልቀመስኩም። ቀና ብዬ አንድ፣ አንድ አንጠባጠብኩ። ምሬቱ ጉሮሮዬ ደረሰ። ያስገድፋል ወይ ብዬ አሰብኩ? ኧረ ወዲያ! «ተመስገን፣ ተገላገልኩ» ነው ያልኩት። ማሳከኩ ጋብ ካለልኝ በኋላ ነው ምራቄን ስውጥ ክው ያልኩት። ይህቺን ያህል ነገር ነው የከለከልኳት። ይህን ያህል እያሳከካት ነው የታዘዘችኝ።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሉማሜ ወረድኩ፤ ማስተዋል የምታስተምረው እዚያ ነው። ደብተር ስታርም አገኘኋት፤ ደብተሩን ወደ ግራ ዓይኗ አስጠግታ ነው የምታነበው። ወንበር ሰጠችኝ፤ አልተቀመጥኩም። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ እንደማውቅ፣ በእልህ እንደሆነ፣ ቀኖናውንም ዝም ብዬ እንደሰጠኋት።

እስክሪብቶዋን ደብተሩ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ «ሁለት ጠዋት ነው ያደረግኩት» አለች። «ያ ጥፋት አልነበረም ማለት ነው?»

«አልነበረም፣ ልጄ። በየቀኑ ባደረግሽው ኖሮ።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዛ አቆመችኝ። «እኔ እግር ላይ መውደቁ ምን ያደርግልኛል፣ አባ? ያን ቀን በሰው ፊት ነው የተናገሩት፤ በሰው ፊት ይመልሱት። ስሜንም አይደብቁ፣ የተናዘዝኩትንም ይናገሩ። ዛሬም ሁዳዴ ሲገባ መምሬ ብለዋል እያሉ የልጆቻቸውን ጠብታ የሚያስቀምጡ እናቶች አሉ።»

ይህን አላውቅም ነበር። ይህን ብቻ እውነት አላውቅም ነበር። ስንት ልጅ ይሆን?

ይቅር በይኝ አላልኳትም፤ እሷም ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችም። እንደ ወጉ መኪና ድረስ ሸኘችኝ። ከተመለስኩ ሁለት ወር ሆነኝ፤ እሑድ በመጣ ቁጥር ለሚቀጥለው እያልኩ አሳደርኩት። አሁን ማሳደሪያ የለኝም፤ ሰኞ ሁዳዴ ይገባል። በዋዜማው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያን ቀን በቆምኩበት ደጀ ሰላም ቆሜ ይህንኑ ቃል በቃል እናገራለሁ። ጠብታው አያስገድፍም። ያስገድፋል ያልኩት እያወቅሁ ነው። ልጆቻችሁን ዓይናቸውን ካሳከካቸው በጾምም ቢሆን አድርጉላቸው፤ ካልተሻላቸው ሐኪም ጋ ውሰዷቸው፤ ለዚህ ማንንም ቄስ አታስፈቅዱ። ክህነቴን በተመለከተ የበላዮቼ የሚሉትን እቀበላለሁ።

አንጓች በሕይወት አለች። አርጅታለች፤ ግን ቅዳሴ አይቀርባትም፣ ከሴቶቹ ፊት ነው የምትቆም። ማስተዋል «ለእናቴ እርስዎ ይንገሯት» ስላለችኝ እስካሁን ምንም አታውቅም፤ ከሰው ሁሉ ጋር እኩል ትሰማለች። ይቅርታ አልለምንም። አንጓች ተነስታ ልትረግመኝ ብትጀምር ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ ማንም ተይ እንዳይላት።